አልነሳም ያለችው ፒካፕ

ተረት አለኝ፤ ከባድ ነው፤ አግዙኝ። እናግዝሽ በሉ!

የሻሽወርቅ የምትባል ቲማቲም አምራች ነበረች። ቲማቲሟ ባንድ ጊዜ ቀላ። ሃምሳ ሣጥን ለቅማ አሮጌ ፒካፗ ላይ ጫነች። ነገ ጠዋት ገበያ ካልደረሰ ይበሰብሳል፤ የዓመት ልፋቷ የዝንብ ሲሳይ ይሆናል። ሞተሩን አስነሳች። የፒካፗ ኋላ ግን ወርዶ ጎማው ላይ ተኛ።

«ተነሺ እንጂ!»

«አልነሳም» አለች ፒካፗ። «ወገቤ አልቻለም። ከሥሬ ጭነት የሚሸከም ብረት፣ ባሌስትራ ካልተደረበልኝ ንቅንቅ አልልም።»

የሻሽ ወደ ባሌስትራው ሮጠች። ከአሮጌ የጭነት መኪና ተፈትቶ አጥር ተደግፎ ይኖር ነበር። «ባሌስትራ ሆይ፣ ከፒካፗ ሥር ግባ! ፒካፗ አልነሳም አለች፣ ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው።»

«አልገባም» አለ ባሌስትራው። «እኔ ቀጥ ያልኩ ነኝ፣ የሚፈለገው ጎባጣ ነው። የትም እንደዚሁ ነው። አንጥረኛው ቀጥቅጦ ካላጎበጠኝ አልገባም።»

ወደ አንጥረኛው ሮጠች። «ጋሽ አዝመራው፣ ባሌስትራውን ይቀጥቅጡልኝ! ባሌስትራው አልገባም አለ፣ ፒካፗ አልነሳም አለች፣ ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ ቀዝቃዛ ብረት የሚመታ ጅል ነው። እሳቱ ካላጋለው አልቀጠቅጥም።»

ወደ እሳቱ ዞረች። «እሳት ሆይ፣ ባሌስትራውን አግለው! ጋሽ አዝመራው አልቀጠቅጥም አሉ፣ ባሌስትራው አልገባም አለ፣ ፒካፗ አልነሳም አለች፣ ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው።»

እሳቱ አመዱ ውስጥ አዛጋ። «ወናፉ ካልነፋኝ አልነድም። በራሱ የሚነድ ቀናተኛ ብቻ ነው።»

«ወናፍ ሆይ፣ እሳቱን ንፋው! እሳቱ አልነድም አለ፣ ጋሽ አዝመራው አልቀጠቅጥም አሉ፣ ባሌስትራው አልገባም አለ፣ ፒካፗ አልነሳም አለች፣ ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው።»

«ጎኔ ተቀዷል» አለ ወናፉ። «ትንፋሼ እንደ ሹም ተስፋ የትም አይደርስም። እማማ ድንቄ ካልሰፉኝ አልነፋም።»

ቆዳ ሰፊዋ እማማ ድንቄ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። የሻሽ ወናፉን ታቅፋ ከደጃፍ ጮኸች። «እማማ፣ ወናፉን ይስፉልኝ! ወናፉ አልነፋም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ጋሽ አዝመራው አልቀጠቅጥም አሉ፣ ባሌስትራው አልገባም አለ፣ ፒካፗ አልነሳም አለች፣ ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው!»

«አልሰፋም» አሉ እማማ ድንቄ።

«ምነው?»

«ሦስት ዓመት በደጄ ስታልፊ ጡሩምባ ነፍተሽብኝ ነው። መንገድ የዘጋሁብሽ በግ ነኝ? ዛሬም ገና ሳትገቢ ይስፉልኝ!»

«ጡሩምባው እኮ ሰላምታዬ ነበር!»

«እንግዲያው ፒካፗ ትስፋልሽ።»

የሻሽ አፈረች። ገብታ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ጉልበትዎስ?»

«አንዱ ደህና ነው። ሌላው እንደ ፒካፕሽ ነው።»

«ልጅዎስ?»

«አይጽፍም።»

«ፍየሎቹስ?»

«ከልጄ ይሻላሉ፤ ሲመሽ ይመጣሉ።»

ጥላው ረዘመ። የሻሽ ዓይኗ ወደ ፀሐይዋ ሸሸ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። ስለ ጎረቤት ጠየቀች፣ ስለ ዝናብ ጠየቀች፣ ስለ ፍየሎቹ እያንዳንዳቸው ጠየቀች። በመጨረሻ እማማ ድንቄ ሳቁ።

«ወሬ ልትጠርቂ ነው የመጣሽው? ወናፉን አምጪው እንጂ!» ብለው ወስፌያቸውን አነሱ።

እማማ ድንቄ ወናፉን ሰፉ፣ ወናፉ እሳቱን ነፋ፣ እሳቱ ባሌስትራውን አጋለ፣ ጋሽ አዝመራው ቀጠቀጡ፣ ባሌስትራው ጎብጦ ከፒካፗ ሥር ገባ፣ ፒካፗ ወገቧን አቀናች፣ ሃምሳው ሣጥን ማልዶ ገበያ ደረሰ። አንድ ቲማቲም እንኳ አልፈረጠም።

ፒካፗ ስትመለስ ባዶዋን ነበረች። የተደረበ ባሌስትራ ያለ ጭነት አደብ የለውም፤ ፒካፗ በየጉድጓዱ እየዘለለች፣ የሻሽ ጭንቅላቷ ጣሪያውን እየመታ፣ እየሳቀች ቤቷ ገባች።

እናንተም ያገዛችሁኝ፣ ጀርባችሁ አይጉበጥ።