የአቶ አሥራደ የዓሣ ገንዳ

አንድ ቀን አለቃችን አቶ አሥራደ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ፣ ባረፉበት ሆቴል ያዩት የመስታወት የዓሣ ገንዳ ልባቸውን ሰልቦት መጡ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ብቻ ብዙም ሳይቆይ ቢሯቸው ውስጥ፣ ከጠረጴዛቸው ጎን፣ አንድ ገንዳ ተገተረ። ውስጡ አንድ ቀይ ዓሣና ግንዳቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ የውኃ ተክሎች ነበሩበት።

ዓሣው ተመቸው። ተክሎቹ ግን እምቢ አሉ። የታች ቅጠላቸው ቢጫ ይሆንና ይረግፋል፤ ግንዳቸው ይጠቁርና ተነቅሎ ይንሳፈፋል። አቶ አሥራደ ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም፤ እሳቸው እንደሚሉት ማለቴ ነው። መጀመሪያ «ብርሃን አንሷቸው ነው» ብለው ትልቅ አምፖል አንጠለጠሉባቸው፤ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰና ውስጡን ማየት አቃተን። ቀጥለው «ዓሣው ነው የሚያኝካቸው» አሉና ምስኪኑን በባልዲ ወደ ፋይናንስ ክፍል አዛወሩት። ያም አልበጀም።

እኔ ወረቀት ላስፈርም ጠዋት ጠዋት ስገባ የማየው ሌላ ነው። እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይነክራሉ፣ ሥር ማውጣት አለማውጣቱን ለማየት አንዱን ተክል መዥረጥ ያደርጉታል። ከዚያ «እዚህ አልተስማማውም» ይሉና ወዲያ ማዶ ይተክሉታል። በማግስቱ ደግሞ ከዚያም ነቅለው ወደ ጥግ። ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ እንደሆንኩ ልጆች አሉኝ።

አንድ ጠዋት እኔ ላስፈርም ቆሜ፣ እሳቸው እንዲሁ ክንዳቸውን ነክረው ሳለ፣ የንብረት ክፍሉ አያልነህ ገባ። ይሄ ሰው ሦስት ጊዜ ተዛውሯል። ቤት ተከራይቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ ገና ጎረቤት ሲለምድ አለቃችን ብድግ ያደርጉታል። አሁን ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ፣ ሐኪም ቤት እንኳ ወደሌለበት ቆላ ሂድ ብለውታል።

«ጋሽ አሥራደ፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። የዛሬን ይተዉልኝ» አለ።

«አይቻልም! ሰው ሲዘዋወር ልምድ ያገኛል። አንድ ቦታ የሚጎለት ድንጋይ ነው።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ክንዳቸው ገንዳው ውስጥ ነው። ተክሎቹ ግን ጭራሽ ሊያልቁባቸው ስለነበር ጨነቃቸውና እዚያው ቆመው ገንዳውን ለሸጠላቸው ሰው ደወሉለት። እጃቸው እርጥብ ስለሆነ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ድምፁን ለቀቁት፤ እኔም አያልነህም ሰማን።

ሰውየው የበሽታውን ምልክት አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ የሚነቃቅላቸው ሰው አለ እንዴ?» አለ።

«ኧረ! ማን ነክቷቸው!»

«እንግዲያው በደንብ ያጣሩ። ተክሉ መሬት ሳይዝ ቦታ ሲቀየርበት ያለውን ቅጠል ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ልለምድ ሲል ደግሞ ሲነቀል አቅም ያጣና ይሞታል። መድኃኒትም አያሻው። ባለበት ይተዉት፣ እጅ አይግባበት።»

ስልኩ ተዘጋ። አቶ አሥራደ ክንዳቸው ውኃ እያንጠባጠበ ወደ እኛ ዞሩ።

«ሰማችሁ? እኔ በሌለሁበት ማን ነው እዚህ እጁን የሚያስገባ? ሕይወት ያለውን ፍጥረት መሬት ሳይዝ እየነቀሉ ከዚህ እዚያ ቢወረውሩት እንዴት ይጸድቃል? እግዜሩስ ዝም ይላል? ይሄ የሰው ሥራ ነው?»

አያልነህ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ባዶ ወረቀት አንዱን ሳብ አደረገ።

«ጋሽ አሥራደ፣ እስቲ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። እኔ ልጻፈው፣ እርስዎ ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይረፍበት። የይግባኝ ማመልከቻዬ ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል አልጨምርበትም!»

እኔ ሳቄን ልውጥ ብዬ ትን አለኝ። አቶ አሥራደ አንዴ አያልነህን፣ አንዴ የሚንጠባጠበውን ክንዳቸውን አዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱና፣ «በል ሂድ፤ መጀመሪያ ሚስትህ ትውለድ፣ ከዚያ እናያለን» አሉ።

ያ «ከዚያ» እስካሁን አልመጣም። የአያልነህ ልጅ ዛሬ ድክ ድክ ትላለች፤ ተክሎቹም ለምልመው የገንዳውን ክዳን ሊያነሱት ደርሰዋል። ዓሣው ብቻ፣ ይግባኝ ባለመጠየቁ፣ አሁንም ፋይናንስ ክፍል ነው።