የሸራው ላይ አህያ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ በሚያወሩበት፣ ፋኖስና ሸራም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንዲት እመት አህይት የምትባል እናት ነበረች። ዳምጠው የሚባል ውርንጭላ ነበራት። ምን ዓይነት ብልጥ ልጅ መሰላችሁ! አንዴ የሄደበትን መንገድ አይረሳም፤ ምንጭ ሲወርዱ ሁሌ ከእናቱ ቀድሞ ይደርሳል።

በዚያ አገር አመሻሽ ላይ ጦጢት ከቆዳ ቆርጣ ያወጣቻቸውን ምስሎች በፋኖስና በሸራ መሃል እያንቀሳቀሰች ጥላቸውን ለልጆች ታሳያለች። ሸራው ላይ አንበሳ ሁሌ ንጉሥ ነው። ቀበሮ ሁሌ ብልህ ናት። ጅብ ሁሌ ሌባ ነው። አህያስ? አህያማ ሁሌ መንገድ ይጠፋበትና ጭቃ ውስጥ ዘጭ! ልጆቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። እመት አህይትም አብራ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እናትና ልጅ ምንጭ ሲወርዱ መንታ መንገድ ላይ ደረሱ። "ዳምጤ፣ ምንጩ በየት በኩል ነው?" አለችው።

"እኔ ምን አውቃለሁ? አህያ አይደለሁ እንዴ! የቀበሮን ልጅ ጠይቂያት" አላት።

እመት አህይት ክው አለች። በጋው እየገባ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ መንጋውን ወደ ውሃ የሚመራው አህያ ነው። ልጇ መንገዱን ካላወቀ ነገ ማን ሊመራ ነው? ይህን ያመጣው የሸራው ጨዋታ መሆኑ ገባት።

ፋኖስን ሄዳ፣ "ልጄን ሞኝ ነህ ያልከው አንተ ነህ?" ብላ ጠየቀችው። "እኔ ማብራት እንጂ ምን አደረግኩ?" አላት። ሸራን ጠየቀችው። "እኔ የመጣልኝን መቀበል እንጂ ምን አደረግኩ?" አላት። ጦጢትን ጠየቀቻት። ጦጢትም ጭራዋን እያወዛወዘች፣ "ውይ እመት አህይት! እኔ ማሳቅ እንጂ ምን አደረግኩ? ጨዋታ እኮ ነው!" አለቻት።

"እንግዲያው ሸንጎ ይፍረደን!" አለች እመት አህይት።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። አያ አንበሶ ጎፈሩን እያሻሸ፣ "እኔ በበኩሌ አንድም የሚያስከፋ ነገር አላየሁም" አለ። ምኑን ያያል፣ ሁሌ ዘውድ ደፍቶ! እመት ቀበሮም፣ "ልጆቹ ይሳቁበት እንጂ፣ እኛን ምን አስጨነቀን?" አለች።

አያ ጅቦ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጆቼን የሚያጫውታቸው የለም። ገና 'እንደምን ዋላችሁ' ሲሉ ፍየሎቹ ግልገሎቻቸውን ይሰበስባሉ" አለ። እርግጥ አያ ጅቦ ራሱ አንዳንድ ቀን... እሱን እንተወው። ልጆቹ ግን ምን አደረጉ?

ይሄኔ የአንበሳ ደቦል ብድግ አለ። "አባዬ፣ እኔ እኮ ጨለማ እፈራለሁ። ሸራው ላይ አንበሳ ስለማይፈራ ለማንም መናገር አፈርኩ" አለ። አያ አንበሶ የሚገባበት ጠፋው።

እመት አህይት ልቧ ሞቀ። "በሉ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አህያ ብልህ፣ ቀበሮ ጅል ትሁን!" አለች።

"እንዴ እማዬ!" አለ ዳምጠው። "ነገ ደግሞ የቀበሮ ልጅ ታልቅስ?"

እመት አህይት አፈረች። ሸንጎውም መከረ፣ ዘከረና እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ "ከሸራው ጀርባ ልጆቹ ራሳቸው ይጫወቱ። ንጉሡም፣ ብልሁም፣ ሌባውም፣ ጭቃ ውስጥ የሚወድቀውም በየምሽቱ በዕጣ ይውጣ!"

ልጆቹ እንጨት እየጣሉ ዕጣ አወጡ። ንጉሥነት ለጅብ ልጅ ወጣ። ብልህነት ለደቦሉ ወጣ። ሌብነት ለቀበሮ ልጅ ወጣ። ጭቃ ውስጥ መውደቅስ ለማን ወጣ? ለዳምጠው!

እመት አህይት "አይሆንም!" ብላ ልትነሳ ስትል ዳምጠው አራት እግሩን ወደ ላይ አንፈራግጦ ዘጭ! ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ግን ራሱ ዳምጠው ነበር። "ዛሬ እኔ ነኝ፤ ነገ የሌላ ተራ ነው!" እያለ ይንከባለላል። እመት አህይትም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማግስቱ መንጋውን እየመራ ምንጩ ጋ ያደረሰው ማን ይመስላችኋል?

አያችሁ ልጆች፣ አንድ ምሽት ሞኝ ሆኖ መጫወት ደስ ይላል። ሁልጊዜ ሞኝ አንተ ነህ መባል ግን የሚያውቁትን መንገድ ያስጠፋል።