ከመጋረጃ ጀርባ ያደገው ንጉሥ

አንድ የንጉሥ አማካሪ ነበረ። ቆዪ ወለላ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ልጄ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም፤ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፣ ምን ላድርጋት አባ?» ብለሽኛል። መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው፤ ስሚኝ።

አማካሪው የሚኖርበት ቤተ መንግሥት ደመና በማይለየው ተራራ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ አዳራሹን ሲሞላው፣ ሰው የቆመበትን ወለል አያይም ነበር ይባላል። ታዲያ ንጉሡ በድንገት ሞተና ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ብቻ ቀረ። አማካሪው ሕፃኑን አቅፎ ዙፋኑ ላይ አስቀመጠው፤ እንደ አባት ሆኖም አሳደገው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከነፍሱ አስበልጦ ወደደው።

በዚያ አገር ሥርዓት ንጉሥ ፊቱን ለሕዝብ አያሳይም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ለአማካሪው ያንሾካሹካል፤ አማካሪው ወጥቶ «ንጉሡ እንዲህ ይላሉ» ይላል። ሕፃኑ ምን ያንሾካሹክ? ተኝቷል! አማካሪው የራሱን ቃል ይዞ ይወጣል፤ ሕዝቡም «ወይ የሕፃን ጥበብ!» እያለ ይሰግዳል።

ልጁ ከፍ ሲል፣ አንድ ቀን በመጋረጃው ቀዳዳ አንድ ተከሳሽ አይቶ «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ፈርቷል...» ብሎ ጀመረ። «ዝም በል የኔ ጌታ፣ አንተ ምን አደከመህ! እኔ እናገርልሃለሁ» አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ጢም አወጣ። በእንቅልፉ ብቻ ይናገር ነበር አሉ፤ ሲነቃ ግን ጆሮውን ወደ አማካሪው ያዘነብላል።

ምቀኛ መች ይጠፋል? አንድ ባላባት ተነሥቶ «ዙፋኑን ሊወስድ አስቧል» ብሎ አማካሪውን ከሰሰው። አማካሪው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃው ፊት ለፊት ቆመ። አልፈራም። «ልጄ አለልኝ፤ ‹ማሩት› ካለ ይበቃኛል» ብሎ አሰበ።

ጉሙ ወደ አዳራሹ ገባ። መጋረጃው ተነቃነቀ፤ ንጉሡ ከጀርባው ሆኖ ጆሮውን አዘነበለ። ምስኪን፣ እንደ ወትሮው የሚናገርለትን ሰው እየጠበቀ ነበር። አማካሪው «ልጄ፣ ተናገር እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሽ እንጂ ቃል አልተሰማም። ይኼኔ ከሳሹ ሹልክ ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና ተመልሶ ወጣ። «ንጉሡ ‹ከአገሬ ይጥፋ!› ብለዋል» አለ።

ሕዝቡም ሰገደ። ምን ያድርግ? የንጉሡን ቃል ከሌላ ሰው አፍ መስማት ለምዷል፤ ያስለመደውም ራሱ አማካሪው ነው። ተራራውን ሲወርድ ከላይ ልቅሶ ይሰማው ነበር። ልጁ ነው፤ ይወደው ነበር እኮ!

እና አንቺ ወለላ፣ ቅድም ይህችን ልጅሽን «ስምሽ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃት ማን መለሰልኝ? አንቺ። «ደኅና ነሽ?» ብላት አሁንም አንቺ። መውደድሽን አላጣሁትም፤ አማካሪውም ወዷል። ነገ ሽማግሌዎቹ «ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ?» ሲሏት፣ ልቧ ‹አልፈልግም› ቢል ማን ይሰማላታል? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። አንቺ ሳትኖሪ ደግሞ አፏን የሚቀማት አይጠፋም።

በይ አሁን ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርጊ። አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማን ነው?

ወለላ! አፍሽን ያዢ ብያለሁ!

ግድ የለም ልጄ፣ ቀስ በይ። አልቸኮልኩም፤ እጠብቅሻለሁ።