እመት ዝንጀሮና ነገ የተባለው ኤሊ

ተረት መጣች፤ በሩን ክፈቱላት። ከፈታችሁ? ደግ።

ድሮ ድሮ፣ አያ አንበሶ ሁዳዴን እጾማለሁ ብሎ ነበር አሉ። አትሳቁ፤ እኔም እንደ ሰማሁት ነው! ምስር አስለቃሚዋን እመት ዝንጀሮን አስጠራና፣ «ለዓርብ የምስር ወጥ እፈልጋለሁ። አንዲት ጠጠር ጥርሴን ካገኘች ግን ፆሜን በአንቺ እገድፋለሁ» አላት።

እመት ዝንጀሮ ምስር የሚለቅሙ ጅግሮች ቀጠረች፤ አልበቋትም። ያን ጊዜ ኤሊ መጣ።

«እንደምን አደርክ? ደህና ነህ? ቤቱ? ጎረቤቱ?» አለችው።

«ሥራ ፈልጌ ነው» አለ ኤሊ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«ወይ ጉድ፣ ሰላምታ እንኳ አያውቅ!» አለች በሆዷ። እንዳይቀየማት ግን፣ «ነገ ና» አለችው።

በነጋታው መጣ። «ነገ ና።» መጣ። «ነገ ና።» አሁንም መጣ!

«አንተ፣ ነገ ና ሲሉህ አልፈልግህም ማለት እንደሆነ አይገባህም?»

«ታዲያ አልፈልግህም አትዪኝም ነበር?»

እመት ዝንጀሮ መላጣ መቀመጫዋን አከክ አከክ አደረገች። «እውነትህን ነው፤ የኔ አፍ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሄድ» ብላ አስገባችው።

ጅግሮቹ እየዘፈኑ ይለቅማሉ። ዘፈኑ ሲደምቅ ኤሊ ቅርፊቱ ውስጥ ጥልቅ አለ። እሷ ደግሞ ደግነቷ ብሶ ቅርፊቱን ድም ድም እያደረገች፣ «አይዞህ ልጄ! ምን ሆንክ?» አለችው። ጭራሽ ጠፋ። ጅግሮቹን ጠርታ አስጨፈረችለት። የለም። ቢደክማት ሁሉንም ዝም አሰኝታ አጠገቡ ተቀመጠች። ያኔ አንገቱ ብቅ አለ።

«ምን ላድርግልህ?» አለችው በቀስታ።

«ዘፈኑ ይራቅልኝ። አታንኳኪኝ። የምትፈልጊውን በግልጽ ንገሪኝ።»

«ይኸው ነው? እኔ ቂሏ ከበሮ ላስመጣልህ ነበር!»

ከዋርካው ጀርባ አስቀመጠችው። «ጠጠሩን ሁሉ አውጣ፤ ስትጨርስ ጥራኝ» አለችው። ጨርሶ ጠራት።

ዓርብ አያ አንበሶ ጎረሰ። ቀጭ!

«ይህን ማን ለቀመው?»

ጅግሮቹ መሬት መሬት አዩ።

«እሷ» አለ ኤሊ።

«አንተ! ጨክነህ አሳልፈህ ሰጠኸኝ?» አለች እመት ዝንጀሮ።

«ጠየቀ፤ መለስኩ» አላት። ለአንበሶ ደግሞ፣ «እኛ ከጨረስን በኋላ ያልተለቀመ አንድ እፍኝ ጨመረችበት፤ እያወራች ነበር። የቀረው ንጹሕ ነው፤ ብላ።»

አንበሶ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?»

ልትሸነግል አፏን ከፈተች፤ ኤሊን አየችውና ተወችው። «እውነት ነው ጌታዬ። ምላሴ ሲለቅም እጄ ያርፋል።»

አንበሶ ሌላ ጎረሰ፤ ደህና። ሌላ ጎረሰ፤ ደህና። ሳቁ መጣ። «በዚህ ጫካ ሳያቆላምጥ የመለሰልኝ እሱ ነው፤ ሁለተኛዋ አንቺ። ሂጂ፤ ምስሩን ግን እንዳትነኪብኝ!»

እመት ዝንጀሮም ከዚያ ወዲያ እጇን ሰብስባ፣ አዲስ ለቃሚ በመጣ ቁጥር «ምን ይመችሃል?» ትል ጀመር አሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት ጆሯችሁን ቅጠሩ።