አሮጌውን ስም ያስፋቅሁ ለት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ ላም የለኝም። ያለኝ አንድ መደብ የበርበሬ ችግኝ ነው። እሱም በጠዋት ጠውልጎ ውሃ ለመነኝ፤ ዛሬ ካልጠጣ ነገ የለም።

ቦኖውን ውሃ ስጠኝ አልሁት። ታንከሩ ካልሞላ አልሰጥም፤ እኔ ካልሰጠሁ ችግኙ አይጠጣም አለ።

ታንከሩን ሙላ አልሁት። ፓምፑ ካልገፋ አልሞላም፤ እኔ ካልሞላሁ ቦኖው አይሰጥም፤ ቦኖው ካልሰጠ ችግኙ አይጠጣም አለ።

ፓምፑን ግፋ አልሁት፤ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና የሚፈራኝ መስሎኝ። ፕሮግራሙ ካላዘዘኝ አልገፋም፤ እኔ ካልገፋሁ ታንከሩ አይሞላም፤ ታንከሩ ካልሞላ ቦኖው አይሰጥም፤ ቦኖው ካልሰጠ ችግኙ አይጠጣም አለ።

ፕሮግራሙ ፓምፑን የሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነው፤ እንደኔው ያረጀ ግትር። እዘዝ አልሁት። የዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ የማውቀው ስም ካላየሁ አላዝም፤ እኔ ካላዘዝሁ ፓምፑ አይገፋም፤ ፓምፑ ካልገፋ ታንከሩ አይሞላም፤ ታንከሩ ካልሞላ ቦኖው አይሰጥም፤ ቦኖው ካልሰጠ ችግኙ አይጠጣም አለ።

ዝርዝሩን የምትጽፈው ባለሙያዋ ይታይሽ ናት። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቦኖው አጠገብ ተቀምጣለች። ጻፊ አልኋት።

«እትዬ ጠጂቱ፣ ስሙን ያስፋቁኝ እርስዎ ነዎት። እዚሁ ሰው ፊት ካላመኑ አልጽፍም።»

እውነቷን ነው። ሰኞ ለት አዲስ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ስትገጥም ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ጽፋለት ነበር፤ የአዲሱን ከፊት፣ የአሮጌውን ከኋላ። አዲሱም እንደ አሮጌው ስለሚሠራ፣ አዲሱን ስም የማያውቅ ፕሮግራም በአሮጌው ይለየዋል አለችኝ። እኔ ደግሞ አማቴ በሠርጌ ማግስት ጠጂቱ ካለችኝ ወዲህ በልጅነት ስሜ የጠራኝን ዞሬ የማላይ ሴት ነኝ። በአዲስ ዕቃ ላይ የአሮጌ ስም አይለጠፍም ብዬ አስፋቅኋት። ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁ መሐንዲስ።

ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ያየኛል። ችግኜን አሰብሁ።

«እኔ ነኝ ያስፋቅሁት። ሳላውቅ ነው» አልሁ።

«አልተሰማም» አለች ከኋላ ጎረቤቴ አንጓች።

ደገምሁት፣ ጮክ ብዬ።

እኔ አመንሁ፤ ይታይሽ ጻፈች፤ ፕሮግራሙ ስሙን አየና አዘዘ፤ ፓምፑ ገፋ፤ ታንከሩ ሞላ፤ ቦኖው ሰጠ፤ ችግኙ ጠጣ። ማምሻውን እሱ ቀና ብሏል፤ አንገቷን የደፋች እኔ ነኝ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን ተዉት፣ ለዛሬ ይበቃዋል።