ከደኑ ዳር የተተከለች ዝግባ

አንጓች የሚሏት አንዲት ሴት ነበረች። ልጅ አጥታ ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። «ልጅ ብትሰጠኝ ከደጅህ ዝግባ እተክላለሁ» ብላ ተስላ ነበርና፣ ክረምት ሲገባ ችግኟን ይዛ ወደ ደብሩ ደን ሄደች።

ደኑስ ምን ያህል ነው? ዙሪያውን እርሻ ውጦት፣ በማሳ መሀል የቀረ እፍኝ ዛፍ ነው።

አንጓች ሰው ሁሉ እንዲያይላት ከዳር ተከለቻት። በጋ ሲመጣ ደረቀች። በዓመቱ ሌላ ተከለች፤ እሷም ደረቀች። አንጓች ከደረቀችው ችግኝ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

አጠገቧ የሚያርሰው አለምነው በሬዎቹን አቆመ።

«አንጓች፣ ምነው? ሰው ሞተ?»

«እግዜር ስለቴን አልተቀበለኝም፣ አያ አለምነው። ልጄንም እንዳይነሳኝ ፈራሁ።»

አያችሁ ሐዘን የት እንዳደረሳት? ከደረቀ ችግኝ ተነስታ ልጇ ላይ ደረሰች!

«እስቲ ተነሽ» አላትና ወደ ደኑ ውስጥ ይዟት ገባ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ትንንሽ ዝግቦች ለምልመዋል።

«እነዚህን ማን ተከላቸው?» አለች።

«ማንም አልተከላቸውም። እግዜር ዝግባሽን ቢጠላ እነዚህ ይበቅሉ ነበር?»

ወደ ዳር ሲመለሱ ፀሐዩ ፊቷን ገረፋት፤ ንፋሱ ነጠላዋን ገፈፋት። ዝቅ ብላ ብታይ፣ የአለምነው ትልም ከዛፎቹ ሥር ደርሷል። እንባዋን ጠረገች።

«ዝግባዬን የገደልከው ለካ አንተ ነህ!»

«እኔ?»

«ቁጥቋጦውን መንጥሮ ፀሐይና ንፋስ ያስገባ ማን ነው? ከብቱስ በማን በኩል ገብቶ ነው የሚረግጠው?»

«የልጆቼን ጤፍ ተው ልትይኝ ነው?»

«ጤፍህን ተው አላልኩም፤ በሬዎችህን ትንሽ ቀደም ብለህ አዙር ነው ያልኩህ።»

አለምነው ሳቀ። ማጉረምረሙ ባይቀርም አዞረ። በተወው መሬት ላይ ክትክታና አጋም በቀለ፤ እሾሁ ከብት ከለከለ፣ ቅጠሉ ንፋስና ፀሐይ መከተ። አንጓች ከአጋሙ ጥላ ሥር ደግማ ተከለች። ጸደቀች! ዛሬ ዝግባዋ ከልጅቷ በቁመት ትበልጣለች። አለምነውም ላገኘው ሁሉ «የኛ ዝግባ» እያለ ያሳያል፤ አጋሙ ሲበስል ደግሞ ከመንደሩ ልጆች ቀድሞ የሚለቅመው እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ችግኟ ምን አጠፋች? ዝናቡ ያው ነው። መሬቱ ያው ነው። እግዚአብሔርም ያው ነው። ዳር ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር እንጂ!

እናንተ መሀል ያላችሁ፣ ጥላ የበዛላችሁ፣ ከዳር ያለው ወንድማችሁ ሲጠወልግ ምን አላችሁ? «ድሮም እምነት አልነበረውም» አላላችሁም? ጥላውን ማን እንደመነጠረበትስ ጠየቃችሁ? አባቶች «ዳሩ ሲፈታ መሀሉ ዳር ይሆናል» ይላሉ። ዛሬ እሱ ነው፤ ነገ ንፋሱ እናንተን ያገኛችኋል።

አሁንም ከቤተ ክርስቲያናችን በር አጠገብ ብቻውን የቆመ ሰው አለ። ዞራችሁ አትዩት፣ ያፍራል! ስትወጡ ግን ስሙን ጠይቁት፤ ምሳም አብራችሁት ብሉ።