ያላለቀው ኮርቻ

አንዲት ሐኪም ነበረች። በሽታ ለይታ በማወቅ የሚስተካከላት በአካባቢው አልነበረም፤ ክፉ ወሬ መናገር ግን ሞቷ ነው።

አንድ ቀን ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ ሊታከሙ መጡ። መርምራ ስታበቃ ሕመማቸው ከመድኃኒት እንዳለፈ አወቀች። በአገሩ ልማድ እንዲህ ያለው ነገር ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ስለዚህ አብሯቸው የመጣውን ልጃቸውን ምንይችልን ወደ ውጭ ጠርታ ነገረችው።

"አደራዎን ዶክተር፣ ለአባባ እንዳይነግሩብን" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "በድንጋጤ ይሞቱብናል።"

ተመልሰው ሲገቡ ሽማግሌው ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቋቸው።

"ውጭ የምትንሾካሾኩት ስለ እኔ ሆድ ከሆነ፣ ሆዱ እኮ ያለው እዚህ ነው" ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ተዉት። "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሴት ልጄ ውባለም ያለ ፈቃዴ ብታገባ ረግሜ አባርሬያታለሁ። አሁን ልቤ ታርቋታል። ለመታረቂያ የበቅሎ ኮርቻ እየሠራሁላት ነው። ዕድሜ ካለኝ ጨርሼ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ። ከሌለኝ ግን ኮርቻው ይቅር፤ ዛሬውኑ ትጠራልኝና እርግማኑን በአፌ ላንሳላት።"

ሐኪሟ ቀና ስትል ምንይችል ከአባቱ ጀርባ ቆሞ "እንዳይነግሩ" በሚል ራሱን ይወዘውዛል።

"ጨጓራ ነው አባባ" አለች። "ኮርቻዎን ተረጋግተው ይጨርሱ።"

ሽማግሌው መርቀዋት ወጡ። እሷም ደግ የሠራች መሰላት። እሳቸው ቤታቸው ገብተው ቆዳውን ማለስለስ፣ ጥልፉን ማሳመር ያዙ። አልቸኮሉም። ለምን ይቸኩላሉ? ኮርቻው ገና ግማሽ ሳይደርስ ሞት ቀደማቸው።

ውባለም ያለችበት ድረስ ሽማግሌዎች ተልከው፣ ጎህ ሲቀድ መርዶዋን አረዷት። ከለቅሶው በኋላ ነገሩን ከወንድሟ ሰምታ፣ ኮርቻውን ታቅፋ ሐኪሟ ዘንድ መጣች።

"አባቴ ጠይቀውዎት ነበር?"

"ጠይቀውኛል።"

"ታዲያ?"

"እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ወንድምሽም ለምኖኝ…"

"የእሳቸውን ሞት ለእኔ ለመንገር ስንት ሽማግሌ ተሰበሰበ! የራሳቸውን ሞት ለእሳቸው የሚነግር አንድ ሰው ጠፋ?" ኮርቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይውሰዱት። ለእኔ የደረሰኝ እርግማኑ ነው።"

የሰው ሞት የራሱ ነው። በቀረችው ዕድሜ ምን እንደሚሠራባት የመወሰን መብትም የእሱ ነው። ለታማሚ አዝነን እውነቱን ስንደብቀው፣ ብዙ ጊዜ የምናዝነው ለራሳችን ነው፤ ሲሰማ ፊቱን ላለማየት።

እስቲ ወደየቤታችን እንመልከት፤ ዛሬ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኮርቻውን በዝግታ የሚሰፋ ማን አለ?